ላንድሮቨርን ያኖሩ እጆች

በአገራችን ስለ መኪና ታሪክ የሚያወራ ሁሉ የሚነሣው ከአንድ ቦታ ነው፤ ከዳግማዊ ምኒልክ ግቢ። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ፣ መንገድ ባልተጠረገበት በረሃና ተራራ እያቆራረጠ አንዲት ሲድሊ መኪና አዲስ አበባ አደረሰ። ንጉሠ ነገሥቱም ወጥተው አዩ፤ ተሳፈሩም። ይህን ታሪክ ብዙዎቻችን ሰምተነዋል። ያልተተረከው ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። መኪናዪቱ ስትሰበር ማን ጠገናት? ጎማዋ ሲተነፍስ ማን ለጠፈው? ብሎኗ ሲላላ ማን አጠበቀው? እኛ የዘመን ምልክት አድርገን የምንቆጥረው የመኪናን መምጣት ነው እንጂ የመኪናን መኖር አይደለም።

በዚያው በ1900 ዓ.ም. ምኒልክ ሌላም ሥራ ሠርተዋል። ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋንና ፋቂውን በሙያቸው የሚሰድብ ሰው ከእንግዲህ አፉን እንዲሰበስብ፣ ባለ እጅን መስደብም ንጉሡን እንደ መስደብ እንዲቆጠር አዋጅ አስነገሩ። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ዓመት መግጠማቸው አጋጣሚ ነው። ነገር ግን የሚያስተምር አጋጣሚ ነው። መኪና ባለ እጅ ይፈልጋል፤ ባለ እጅ ደግሞ ክብር ይፈልጋል። ከሁለቱ እንግዶች መኪናው ቶሎ ተለመደ፤ የባለ እጁ ክብር ግን ገና መንገድ ላይ ነው።

ይህን ነገር ለመመርመር ከሰሜን ሸዋ ደጋዎች፣ ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐቤቴ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። በከተማ አስፋልት ላይ መኪና ቢበላሽ ባለቤቱ ታክሲ ይሳፈራል። በእነዚህ ደጋዎች ላይ አንዲት የጤና ጣቢያ መኪና ብትቆም ግን የምትቆመው መኪናዋ ብቻ አይደለችም። ክትባቱ ይቆማል፤ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ትወጣለች።

በቅሎና ዋሻ

መንዝ የሸዋ ነገሥታት ዘር የወጣበት አገር ነው። ማማ፣ ላሎና ጌራ ተብሎ በሦስት ምድር የተከፈለ ነው። መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ትገኛለች፤ በአቅራቢያዋ ያለው የጓሳ ምድር ከዚያም ይልቃል። በስተምሥራቅ ገደሉ ወደ ይፋት ቆላ ይወርዳል። በሌላው ወገን ደግሞ የጀማ ወንዝና ገባሮቹ ምድሩን ሰንጥቀውታል፤ ከሸለቆዎቹ ማዶ መርሐቤቴ አለ። እንዲህ ባለው አገር ላይ ርቀት የሚለካው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በዳገትና በቁልቁለት ነው።

መኪና ሳይመጣ የዚህ አገር መጓጓዣ በቅሎ፣ አህያና ፈረስ ነበሩ። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» በተባለው መጽሐፉ ስለ መንዝ ሰው ሰፋ አድርጎ የጻፈው ይህ ዓለም ገና ብዙም ሳይነካ ነው። በቅሎም ብትሆን ያለ ጥገና አትሄድም ነበር። ኮርቻዋን የሚሠራ፣ መጫኛዋን የሚገምድ፣ ጠፍሯን የሚፍቅ፣ ልጓሟን የሚቀጠቅጥ ሰው ያስፈልጋት ነበር። ባለ በቅሎው መኳንንት በግጥም ተወድሷል። ልጓሙን የቀጠቀጠው ግን ማታ እሳቱ ዳር ስሙ ሲነሣ «ቡዳ ነው» ይባል ነበር። እንግዲህ መኪናው ከመምጣቱ በፊት ባለቤትን የማክበር፣ ጠጋኝን የመናቅ ልማድ ተደላድሎ ይጠብቀው ነበር ማለት ነው።

የመኪናው ዓለም ወደ ደጋው ጠርዝ አጥብቆ የተጠጋው በጣልያን ወረራ ዘመን ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው ወረራ ጣልያኖች ከአዲስ አበባ ወደ ደሴና አስመራ የሚወስደውን መንገድ ሲሠሩ ጣርማ በር ላይ ተራራውን ፈልፍለው ከ500 ሜትር በላይ የሚረዝም ዋሻ አበጁ። በዚያው ጊዜ የመንዝና የመርሐቤቴ ሰው አበበ አረጋይን ከመሳሰሉ የአርበኞች መሪዎች ጋር ሆኖ ያንኑ ጦር ይወጋ ነበር።

ጣልያን ተሸንፎ ወጣ። ከዋሻው ሌላ ትቶልን የሄደው ነገር ቢኖር የጋራዥ ቋንቋ ነው። ፍሬን፣ ጎማ፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ማርሚታ፣ ፓራፋንጎ፣ ክሪክ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሞርሳ፣ ቶርኖ፣ ናፍታ፦ ሁሉም ከጣልያንኛ የተወረሱ ናቸው። እነዚህን ቃላት አማርኛ ያደረጋቸው የቋንቋ ሊቃውንት ጉባኤ አይደለም። መኪና ሥር ተኝተው፣ ዘይት እየፈሰሰባቸው፣ «ካቻቢቴ አቀብለኝ» ሲባባሉ የዋሉ ሰዎች ናቸው። በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ አንድ ሙሉ የሙያ መዝገበ ቃላት ሲያቆሙ ማንም ልብ አላላቸውም።

የችግር ልጅ

ላንድሮቨር የችግር ልጅ ናት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ አገር ብረት በራሽን ይታደል ስለነበር የሮቨር ኩባንያ የመኪናዋን ገላ ከአሉሚኒየም ሠራው። አርአያዋ የአሜሪካኑ ጂፕ ሲሆን፣ የታሰበችውም በመጀመሪያ ለገበሬ ነበር። ሚያዝያ 22 ቀን 1940 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 30 ቀን 1948) አምስተርዳም ላይ ለሕዝብ ታየች። ገላዋ አይዝግም፤ ሻንሲዋ ግን ብረት ስለሆነ ይዝጋል። ከሁሉ የሚበልጠው ጠባይዋ ግን ለመፍታት የምትመች መሆኗ ነው። ቁልፍና ትዕግሥት ያለው ሰው አብዛኛውን አካሏን ሜዳ ላይ ሊፈታና ሊገጥም ይችላል።

ወደ እኛ አገር የመጣችበት ዘመንም የሚመቻት ነበር። በመስከረም 1943 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን ዶላር ከዓለም ባንክ ተበደረች፤ ባንኩ ለአፍሪካ ከሰጣቸው ብድሮች የመጀመሪያው መሆኑ ነው። በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ዋና ዋናዎቹ መንገዶች እየተጠገኑ ሄዱ። ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ ወደ ደጋው የሚገባ ሰው ግን አራቱም እግሯ የሚጎትት መኪና ያስፈልገው ነበር። በ1951 ዓ.ም. የወባ ማጥፋት አገልግሎት ሥራውን ጀመረ። በ1963 ዓ.ም. ደግሞ የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ ተነሣ፤ በአገራችን የመጨረሻው የፈንጣጣ በሽተኛ የተገኘውም በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በባሌ ዲሞ በምትባል መንደር ነው። ክታቢዎቹ መኪና እስከሚሄድበት በመኪና፣ ከዚያ በበቅሎ፣ ከዚያ በእግር ሄዱ። በነዚያ ዓመታት በገጠር «ላንድሮቨር» የሚለው ስም የአንድ ፋብሪካ ምርት ስም መሆኑ እየቀረ፣ መንግሥት የሚመጣበት መኪና ሁሉ መጠሪያ ወደ መሆን ደረሰ።

የአንድ ቀን ውሎ

አሁን ወደ ዕለት ተዕለቱ ሥራ እንግባ። ታሪክ የምንለው ነገር ብዙውን ጊዜ የተደበቀው እዚያ ነውና።

በጥቅምትና በኅዳር የመንዝ ሌሊት ውርጭ ነው። ሰው ብርዱን በባናና በበርኖስ ይከላከላል፤ መኪናዪቱ ግን ሜዳ ታድራለች። ራዲያተሯ ውስጥ ተራ ውሃ ካለና ከቀዘቀዘ፣ ውሃ በረዶ ሲሆን ስለሚሰፋ ቱቦውን ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ጠንቃቃ ሹፌር ማታ ውሃውን ያፈሳል፤ ጧት እንደገና ይሞላል። ባትሪውም በብርድ ይደክማል። ያን ጊዜ ማኖቤላ ትወጣለች። በማኖቤላ ሞተር ማስነሣት የራሱ ሥርዓት አለው። አውራ ጣት ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን መሆን አለበት፤ ብረቱን ዙሪያውን ከጨበጡት ሞተሩ ወደ ኋላ ሲመታ ጣት ወይም አንጓ ይሰብራል። ይህን ሕግ ለረዳቱ የሚያስተምረው መጽሐፍ ሳይሆን የሹፌሩ ቁጣ ነው።

ሞተሩ ከተነሣ በኋላ የከፍታው ነገር ይመጣል። በ3,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል። ካርቡራተሩ ግን ይህን አያውቅም፤ ለቆላ በተለካው መጠን ቤንዚኑን ማፍሰስ ይቀጥላል። ሞተሩ ያጨሳል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፤ ጉልበቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ካንዴላ እየፈቱ መፋቅ የዘወትር ሥራ ነው። በዚያ ከፍታ ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ጎማ ካረጀና ግፊት መያዝ ካቃተው መኪናዪቱ ዳገት መሐል ላይ ትንተከተካለች። አንዲት ትንሽ ክዳን፣ ዋጋዋ ከምሳ የማይበልጥ፣ አንድ ሙሉ ሞተር ታቃጥላለች።

ከለሚ ተነሥቶ ወደ ዓለም ከተማ የሚሄድ ሰው የጀማን ሸለቆ መውረድና መውጣት አለበት፤ ቁልቁለቱ ብቻ 1,000 ሜትር ያህል ይሆናል። የጥንቶቹ ላንድሮቨሮች ፍሬን አራቱም ጎማ ላይ የከበሮ ፍሬን ነው። ቁልቁለቱን ሁሉ ፍሬን ረግጦ የሚወርድ ሹፌር ሸራው ይግልበትና ፔዳሉ ከንቱ ይሆናል። ልማዱ ያለው ሰው አፋፉ ላይ ቆሞ ከባዱን ማርሽ ያስገባል፤ መኪናዪቱን የሚይዛት ሞተሩ ይሆናል። ድልድይ በሌለበት ጅረት አቋርጦ ሲወጣ ደግሞ የራሰ ፍሬን ስለማይይዝ፣ ጥቂት ርቀት ፔዳሉን በቀስታ እየረገጠ ማድረቅ አለበት።

ማታ ሲደረስ ሌላው ሥራ ይጀመራል። አቧራ የጠጣውን የአየር ማጣሪያ በናፍታ አጥቦ ዘይቱን መለወጥ፤ የላሉ ብሎኖችን ማጥበቅ፤ መጋጠሚያዎቹን ግሪስ ማጠጣት፤ ባሌስትራውን በእጅ እየዳሰሱ ስንጥቅ መፈለግ። ከባሌስትራ ቅጠሎች አንዱ ሲሰበር ካልታወቀ የቀሩት ጭነቱን ይካፈሉና ተራ በተራ ይከተላሉ። «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» የሚለው ተረት ለመኪና የተነገረ ይመስላል።

አንዳንዱ ብልሽት ደግሞ ሙያውን ራሱን ይፈትናል። የጥንቷ ላንድሮቨር የታወቀ ሕመም የኋላ ጎማዎችን የሚያዞረው ዘንግ መሰበር ነው። ያልተማረ ሰው እዚያው ሜዳ ላይ ይቀራል። የሚያውቅ ሰው ግን ጎማው መሐል ያሉትን 6 ብሎኖች ፈትቶ የተሰበረውን ዘንግ ይመዛል፤ የፊቱን ጉልበት ያስገባል፤ በፊት ጎማዎች ብቻ እየተጎተተ ቤቱ ይገባል። ይህ ዕድል አይደለም፤ የመኪናዪቱን የውስጥ አሠራር በአእምሮ ይዞ የመዞር ዕውቀት ነው።

ኢንችና ሚሊ ሜትር

መካኒኩን ከሚያሠቃዩት ነገሮች አንዱ ከመኪናዪቱ ሳይሆን ከዓለም ታሪክ የመጣ ነው። የጣልያን ፊያት ብሎኖች የሚለኩት በሚሊ ሜትር ነው፤ በኋላ የመጣው የጃፓኑ ቶዮታም እንዲሁ። የጥንቷ ላንድሮቨር ብሎኖች ግን በብዛት የእንግሊዝ ኢንች ናቸው። ግማሽ ኢንች ማለት 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። 13 ቁልፍ ይገባበታል፤ ነገር ግን ሦስት ዐሥረኛ ሚሊ ሜትር ይተርፈዋል። ብሎኑ ሲዝግና ሲጠነክር ያቺ ትርፍ ክፍተት ማዕዘኑን ትበላዋለች፤ ራሱ የተላጠ ብሎን ደግሞ በመሮ ካልሆነ አይወጣም። ሁለት መንግሥታት በሁለት መለኪያ ያመረቱት ብረት አንድ የኢትዮጵያ መካኒክ ሣጥን ውስጥ ተገናኝቶ የሚጣላው በዚህ መንገድ ነው። ሁለት ዓይነት ቁልፍ የመግዛት አቅም ያለው ተረፈ፤ የሌለው ግን በአንዱ ሲታገል ዋለ።

መለዋወጫም ቢሆን ራሱን የቻለ ጉዞ ነበረው። ደጋው ላይ ያልተገኘው ደብረ ብርሃን ይፈለጋል፤ እዚያ ከታጣ አዲስ አበባ፣ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ። ከአብዮቱ በኋላ በነበሩት ዓመታት የውጭ ምንዛሪ እጥረቱ ሲጠና ደግሞ አንዲቱን መኪና አርዶ ሌላዪቱን ማዳን የተለመደ ሆነ። በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ ጎማዋ ወልቆ በድንጋይ ላይ የተቀመጠች መኪና የምናየው በዚህ ምክንያት ነው። አላዋቂ ሲያያት የሞተች ይመስለዋል፤ እርሷ ግን ለብዙ ዓመት አካሏን ስትሰጥ የኖረች ናት። ያለቀው ጎማ እንኳ አይጣልም፤ በረባሶ ሆኖ የገበሬ እግር ውስጥ እንደገና አገር ይዞራል።

ታዲያ እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መባል አለበት። የመካኒኮቻችንን ብልኃት ማድነቅ ለእኛ ለከተሜዎች ጣፋጭ ወሬ ነው። ከካርቶን ስለተቀደደ ጓርኒሲዮን፣ በሳሙና ስለተደፈነ የቤንዚን ታንክ፣ በላስቲክ ስለታሰረ ባሌስትራ ስናወጋ እንስቃለን። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ለዕለቱም ያደርሳል። ነገር ግን ሁሉም ዘዴ አንድ ዓይነት አይደለም። የፍሬን ዘይት ታጥቶ የሞተር ዘይት የተጨመረበት መኪና ለጊዜው ይይዛል፤ ዘይቱ ግን የፍሬኑን ጎማዎች ያሳብጣቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ፍሬኑ ወይ ይነክሳል ወይ ይለቃል። ያ የሚሆነው ደግሞ ሜዳ ላይ ሳይሆን የጀማ አፋፍ ላይ ሊሆን ይችላል። ብልኃት የሚወለደው ከእጦት ነው። ብልኃቱን እያመሰገኑ እጦቱን ዝም ማለት ሹፌሩንና ተሳፋሪውን ማታለል ነው።

ሪባንና መፍቻ

ከላንድሮቨር በኋላ ቶዮታ ላንድክሩዘር መጣች። ስሟን እ.ኤ.አ. በ1954 ያገኘችው ይህች መኪና በጽናቷ ደጋውን እየወረሰችው ሄደች። በተለይ ያለ ኤሌክትሮኒክ የሚሠራው 6 ሲሊንደር የናፍታ ሞተሯ ለገጠር መካኒክ የተመቸ ነበር። የክትባት ፕሮግራም በአገር አቀፍ ደረጃ በ1972 ዓ.ም. ሲጀመር የመኪናው ነገር ይበልጥ ጠነከረ። የኩፍኝና የፖሊዮ ክትባት በቅዝቃዜ ተጠብቆ መድረስ አለበት፤ መኪናዪቱ መንገድ ላይ ስትቆም በረዶው ይቀልጣል፤ ክትባቱ ይበላሻል። እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ የካርልሃይንስ በም ድርጅት፣ ሰዎች ለሰዎች፣ መርሐቤቴ ገብቶ መንገድና ትምህርት ቤት ሲሠራ፣ በዓለም ከተማም እናት ሆስፒታልን ሲያሠራ፣ ወደ ሆስፒታሉ የሚወስድ መኪና መኖርና አለመኖር በእናቶች ሕይወት የሚለካ ጉዳይ ሆነ። በኋላም ለየወረዳው አምቡላንስ ታደለ።

አምቡላንስ ሲታደል ሥነ ሥርዓት ይደረጋል። ሪባን ይቆረጣል፤ ንግግር ይደረጋል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ያችው መኪና ኩሽኔታዋ አልቆ ስትቆም ሥነ ሥርዓት የለም። ግዥ በጀት አለው፤ ለጋሽም ያገኛል፤ ስምም ያስጠራል። ጥገና ግን የሒሳብ መዝገቡ ግርጌ ላይ ያለች፣ በጀት ሲቀነስ መጀመሪያ የምትቆረጥ መሥመር ናት። የ20 ሺህ ብር ዕቃ ያልተገዛላት መኪና የሚሊዮኖች ብር ንብረት ሆና ሣር ይበቅልባታል። ይህ የድህነት ውጤት ብቻ ቢሆን ኖሮ አዲስ መኪና የሚገዛ ገንዘብም ባልተገኘ ነበር። የሚጎድለው ግምት ነው፤ ማኖርን እንደ ሥራ የመቁጠር ግምት።

ግምቱ የጎደለው ደግሞ ከሰዎቹ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1942 አዲስ አበባ ላይ የተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት ሲከፈት የእጅ ሙያ በትምህርት ቤት ደጅ ገባ። ሆኖም ልጁ «የቀለም ትምህርት» ሲያቅተው ወደ ሙያ የሚላክበት አስተሳሰብ አብሮ ገባ። አብዛኛው የገጠር መካኒክ እንኳን ዲፕሎማ የምስክር ወረቀትም የለውም። ልጅነቱን ዕቃ በማቀበል፣ ወጣትነቱን መኪና ሥር በመተኛት ያሳለፈ ነው። የሚያውቀው ነገር የተጻፈ አይደለም። እርሱ ሲያረጅ ወይም ወደ ከተማ ሲሰደድ የዚያች መኪና ታሪክ፣ የትኛው ብሎን ተልጦ እንደተቀየረ፣ የትኛው ቱቦ እንደተለጠፈ፣ አብሮት ይሄዳል። ተከታዩ ሰው ከሀ ይጀምራል።

የጥንቷ ላንድሮቨር ዝርያ በእንግሊዝ አገር መመረቷ በጥር 2008 ዓ.ም. አበቃ። ፋብሪካው የተሰናበታትን መኪና በየአገሩ እያኖራት ያለው ጠጋኙ ነው። እኛም የዚህን ሰው ዋጋ የምናውቅበት መንገድ ሐውልት ማቆም አይደለም። ሥራው ቀላል ነው። ለየመኪናው የጥገና መዝገብ ይኑር፤ ጠጋኙም በእጁ ይጻፍበት። የመለዋወጫ ገንዘብ ከግዥው ጋር አንድ ላይ ይመደብ። በእጁ ያወቀው ተፈትኖ የምስክር ወረቀት ይሰጠው፤ ደመወዙም እንደዚያው ይስተካከል። ወደፊትም በመንዝም ሆነ በመርሐቤቴ አዲስ መኪና ሲመረቅ፣ ሪባኑ ተቆርጦ የመኪናው ቁልፍ ለሹፌሩ ሲሰጥ፣ ከተሰብሳቢው መሐል አንድ ሰው ተነሥቶ ቢጠይቅ መልካም ነው፤ የመኪናውን ቁልፍስ ሰጣችሁ፤ የብሎኑን ቁልፍ ለማን ሰጣችሁት?